ለሞዴል ሞተር ተስማሚ ብሎንና ዳዶ አመራረጥ

አንድ ትልቅ የእንፋሎት ሞተር የሲሊንደር ክዳኑ በ24 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ታስሯል እንበል። የእነዚህ ብሎኖች ባለ ስድስት ጎን ራስ፣ ቁልፍ ከሚይዘው ከአንዱ ጎን እስከ ትይዩው ጎን ሲለካ፣ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህንኑ ሞተር በ1 ለ 8 ስኬል አሳንሰን ስንሠራው የብሎኑ ውፍረት 3፣ የራሱ ስፋት ደግሞ 4.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነው ብሎን፣ ማለትም ኤም 3፣ በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ ራሱ ግን 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። ትርፉ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል፤ ሆኖም በ8 አባዝተን ወደ ትልቁ ሞተር ስንመልሰው 44 ሚሊ ሜትር ራስ ያለው ብሎን ሆኖ ይገኛል። ዋናውን ሞተር የሚያውቅ ሰው ሞዴሉን ገና ሲያየው አንድ ነገር ቅር ይለዋል፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ ላይገልጸው ይችላል።

ይህ የሚሆነው የትናንሽ ብሎኖች ራስ ከውፍረታቸው ጋር ሲነጻጸር ከትልልቆቹ ይልቅ ሰፊ ተደርጎ ስለሚመረት ነው። የኤም 24 ራስ የውፍረቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን የኤም 3 ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል፤ የኤም 2 ደግሞ ልክ ሁለት እጥፍ ነው። ለዕለት ተዕለት ሥራ ይህ ተገቢ ነው፤ ራሱ ሰፋ ካላለ ቁልፍ አይጨብጠውም። ለሞዴል ሠሪ ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህም ጥርሱንና ራሱን እንደ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ለየብቻ መምረጥ ያስፈልጋል። ጥርሱ የሚመረጠው ለሞተሩ ነው፣ ራሱ የሚመረጠው ለዓይን ነው።

ራሱን ከስኬሉ ጋር ማስማማት

መጀመሪያ የዋናውን ሞተር ሥዕል ወይም ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ይዘው የራሱን ስፋት ይወቁ፤ ስፋቱን ለስኬሉ ያካፍሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ብሎን ፍለጋ ይሂዱ። በሜትሪክ መደበኛ ምርት የኤም 1.6 ራስ 3.2፣ የኤም 2 ራስ 4፣ የኤም 2.5 ራስ 5፣ የኤም 4 ራስ ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይ ባነሳነው ምሳሌ የምንፈልገው 4.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመደበኛዎቹ ውስጥ አንዱም ልክ አይመጣም። ያሉን መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ለሞዴል ሠሪዎች ተብሎ የሚመረተውን፣ ራሱ በአንድ ቁጥር ያነሰውን ብሎን መግዛት ነው። ሁለተኛው በጥርሱ አንድ ደረጃ ወርዶ ኤም 2.5 መውሰድ ነው፤ የራሱ ትርፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ዓይን ብዙም አይይዘውም። ሦስተኛው ከባለ ስድስት ጎን ዘንግ በቶርኖ ራስን መሥራት ነው። እኔ ዳዶዎቹ ከሩቅ በሚታዩበት በሲሊንደር ክዳን ላይ ሦስተኛውን፣ ከታች በሚደበቀው መሠረት ላይ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የቆዩ የሞዴል ሥዕሎችን የሚከተል ሰው ሌላ የብሎን ቤተሰብም ያጋጥመዋል፤ ቢኤ ይባላል። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1884 በብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር የቀረበ ሲሆን መነሻው የስዊዘርላንድ የጥቃቅን ብሎኖች አሠራር ነበር። ቁጥሩ ሲጨምር ብሎኑ ይቀጥናል፤ ዜሮ ቢኤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ፒቹ፣ ማለትም ከአንድ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ያለው ርቀት፣ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ፒቹ በ0.9 እየተባዛ ይወርዳል። ለሞዴል የሚወደድበት ምክንያት ራሱ ጠበብ ያለ መሆኑ ነው፤ 6 ቢኤ ውፍረቱ 2.8 ሆኖ ራሱ 4.9 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ 8 ቢኤ ደግሞ 2.2 ሆኖ ራሱ 3.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 10 ቢኤ 1.7 ሚሊ ሜትር ውፍረትና ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ራስ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 7 ቢኤ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከኤም 2.5 ጋር በካሊፐር ሲለካ ልዩነት አይታይም። ነገር ግን የቢኤው ፒች 0.48፣ የሜትሪኩ 0.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጥርሱ ማዕዘንም በቢኤ 47.5፣ በሜትሪክ 60 ዲግሪ ነው። የአንዱ ዳዶ በሌላው ብሎን ላይ ሁለት ዙር ያህል በጣት ይገባና መጥበቅ ይጀምራል። ብዙ ሰው ቆሻሻ የያዘው ይመስለውና በቁልፍ ይገፋዋል፤ ሁለቱም ጥርሶች ይበላሻሉ። ስለዚህ በአንድ ሞተር ላይ አንድ የመለኪያ ቤተሰብ ብቻ መጠቀም፣ የግድ ሁለት ካስፈለጉም በተለያየ ሣጥን ማስቀመጥ ይመረጣል።

ጥንካሬ፦ የማይሰበርበትና የሚሰበርበት

አዲስ ሞዴል ሠሪ አብዛኛውን ጊዜ «ይህች ቀጭን ብሎን እንፋሎቱን ትችለዋለች?» ብሎ ይሠጋል። እስቲ እናስላው። የሲሊንደሩ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር፣ የእንፋሎቱ ግፊት 6 ባር ይሁን። ለጥንቃቄ ሲባል እንፋሎቱ ከጋስኬቱ፣ ማለትም በክዳኑና በሲሊንደሩ መካከል ከሚገባው ማሸጊያ፣ ሥር ሾልኮ 35 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ይገፋል ብለን ብናስብ የክቡ ስፋት 962 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስድስት ባር በካሬ ሚሊ ሜትር 0.6 ኒውተን ስለሆነ ክዳኑን የሚገፋው ጠቅላላ ኃይል 577 ኒውተን ነው። በስምንት ኤም 2 ብሎኖች ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 72 ኒውተን ይደርሳቸዋል። የኤም 2 ብሎን ጭነት የሚሸከመው ገጽ 2.07 ካሬ ሚሊ ሜትር በመሆኑ ውጥረቱ በካሬ ሚሊ ሜትር 35 ኒውተን ብቻ ይሆናል። ተራ ለስላሳ ብረት እንኳ ሳይለጠጥ ከ200 ኒውተን በላይ ይሸከማል። በኤም 1.6 ብንተካው እንኳ ውጥረቱ 57 ኒውተን ገደማ ነው።

ስለዚህ እንፋሎቱ አያስፈራም። ነገሩ ሲታሰብም ግልጽ ነው፤ ሞተሩ በግማሽ ሲያንስ የክዳኑም የብሎኑም ስፋት በእኩል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ግፊቱ ካልተለወጠ ውጥረቱም አይለወጥም። ጠማማው ነገር መጠምዘዝ ላይ ነው። ብሎን መጠምዘዝን የሚቋቋምበት አቅም ከውፍረቱ ጋር በሦስት ደረጃ ብዜት ስለሚወርድ፣ ኤም 2 ከኤም 4 ጋር ሲነጻጸር የሚችለው ጥምዘዛ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ነው። ሞተሩ በስኬል ሲያንስ የሠሪው ክንድ ግን እንደነበረ ነው። በ100 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 4 ኒውተን፣ ይኸውም የ400 ግራም ክብደት ያህል፣ ቢያርፍበት 0.4 ኒውተን ሜትር ጥምዘዛ ይፈጠራል፤ ለኤም 2 ይህ የመጨረሻው ጠርዝ አካባቢ ነው።

ይህንን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያ ሞተሬን ክዳን ሳስር ሰባቱን ዳዶዎች በሚገባ አጥብቄ ስምንተኛውን «ትንሽ ልጨምርለት» አልሁ፤ እጄ ላይ ከመጥበቅ ይልቅ መለስለስ ሲሰማኝ ነገሩ አበቃ። የማይዝግ ብረት ብሎኑ ከካስት አይረኑ ገጽ እኩል ተቆርጦ ቀረ። ስብርባሪውን በ1 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀስ በቀስ ለማውጣት ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ለኤም 2.5ና ከዚያ በታች ረጅም ቁልፍ አልጠቀምም፤ እንደ ካቻቪቴ በሁለት ጣት ብቻ የሚዞር፣ መያዣው ቀጭን የሆነ የሶኬት ቁልፍ ይበቃል። ለሚሠራ፣ ማለትም በእንፋሎት ወይም በነዳጅ ለሚዞር ሞተር ዋና ጭነት በሚያርፍበት ቦታ ከኤም 2 በታች አለመውረድም ጥሩ ልማድ ነው፤ ከዚያ ያነሰው ለስም ሰሌዳ፣ ለመሸፈኛ ቆርቆሮና ለጌጥ ይሁን።

የሚሠራው ሞተር በከፍተኛ ፍጥነት የሚዞር የነዳጅ ሞተር ከሆነ ግን አንድ ቦታ ላይ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ይኸውም የቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ፣ የታችኛው ክዳን ነው። ፒስተኑና አብረውት የሚመላለሱት ክፍሎች 25 ግራም ቢመዝኑ፣ የፒስተኑ ምልልስ 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በደቂቃ 300 ዙር የሚዞር የእንፋሎት ሞተር በቢየላው ላይ የሚፈጥረው የመወርወር ኃይል ሩብ ኒውተን ብቻ ነው። በደቂቃ 10,000 ዙር ሲሆን ያው ክብደት ከ270 ኒውተን በላይ ይጎትታል፤ ይህንንም በየዙሩ ይደጋግመዋል። ተራ ብሎን በእንዲህ ያለ ቦታ ወዲያው አይሰበርም፤ ይደክምና አንድ ቀን ይለቃል፤ ሲለቅም ቢየላው የሞተሩን ሆድ ይቀድደዋል። ስለዚህ የቢየላ ብሎን የጥንካሬ ደረጃው የታወቀ መሆን አለበት። ደረጃው በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ 8.8 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ተባዝቶ የመበጠሻውን ውጥረት 800 ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ 0.8 ያህሉ ላይ፣ ማለትም 640 ላይ፣ ብሎኑ መለጠጥ እንደሚጀምር ያሳያል። 12.9 በዚሁ ስሌት 1200ና 1080 ነው። ደረጃው ያልተጻፈበትን ብሎን ለቢየላ አይጠቀሙ።

የብሎኖች ቁጥርና የቁልፍ ቦታ

ዋናው ሞተር በክዳኑ ዙሪያ 20 ዳዶ ካለው ሞዴሉም 20 ቢኖረው ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ቁልፍ መግባቱን አስቀድሞ በወረቀት ማረጋገጥ ይገባል። ብሎኖቹ በ33 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ቢደረደሩ በሁለት ጎረቤታም ዳዶዎች መካከል ያለው ርቀት፣ ከመሃል እስከ መሃል፣ 5.16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መደበኛው የኤም 2 ዳዶ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 4.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ የግማሹ ስፋት 2.31 ነው። የሶኬት ቁልፉ የውጭ ስፋት 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግማሹ 3 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 5.31 ስለሚመጣ ሶኬቱ ከጎረቤት ዳዶ ጋር ይላተማል። ቁጥሩን ወደ 16 ብንቀንሰው ርቀቱ 6.44 ይሆንና ይገባል። ራሱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ዳዶና 5 ሚሊ ሜትር ውጫዊ ስፋት ያለው ሶኬት ከተገኘ ግን ድምሩ 4.23 ስለሆነ 20ዎቹም ያለ ችግር ይታሰራሉ። ጠባብ ራስ ለመልክ ብቻ ሳይሆን ለሥራም የሚጠቅምበት አጋጣሚ ይህ ነው። ሶኬቱ ወደ መሃል በኩል የክዳኑን እብጠት እንዳይነካ መለካትም አይዘንጋ፤ ብዙዎቻችን ጎኑን ለክተን ይህን እንረሳለን።

ቁጥሩን መቀነስ የግድ ሲሆን ከ20 ወደ 16 ወይም ወደ 12 ማውረድ ያን ያህል አያስነውርም። ከስምንት ወደ ስድስት ሲወርድ ግን ተመልካቹ ወዲያው ይቆጥረዋል።

ቀዳዳውና የጥርሱ ጥልቀት

የኤም 2 ጥርስ ለማውጣት መደበኛው መሰርሰሪያ 1.6፣ ለኤም 2.5 የሚሆነው 2.05፣ ለኤም 3 ደግሞ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው። በእነዚህ መጠኖች የሚወጣው ጥርስ ከሙሉው 77 በመቶ ያህል ቁመት አለው። ለአነስተኛ ማስኪዮ፣ ማለትም በቀዳዳ ውስጥ ጥርስ ለሚያወጣው መሣሪያ፣ ይህ ከሚያስፈልገው በላይ ከባድ ሥራ ነው፤ የተሰበረ ማስኪዮ ደግሞ ከተሰበረ ብሎን ይልቅ ለማውጣት ያስቸግራል። በ1.65 ሚሊ ሜትር ብንሰረስረው የኤም 2 ጥርስ 67 በመቶ፣ በ1.7 ሚሊ ሜትር 58 በመቶ ይሆናል። ለኤም 3 በ2.6 ሚሊ ሜትር 62 በመቶ እናገኛለን። ብሎኑ በበቂ ጥልቀት እስከገባ ድረስ ከ60 እስከ 65 በመቶ የሆነ ጥርስ ሳይላጥ ብሎኑ ራሱ ይበጠሳል፤ ስለዚህ በብረት፣ በናስና በካስት አይረን ላይ ሰፋ ያለውን መሰርሰሪያ ያለ ሥጋት ይምረጡ። በስስ አሉሚኒየም ላይ ግን መደበኛውን መጠቀም ይሻላል።

በቂ ጥልቀት ስንል በብረት ውስጥ የብሎኑን ውፍረት ያህል፣ በናስና በካስት አይረን ውስጥ አንድ ተኩል እጥፉን፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ሁለት እጥፉን ማለታችን ነው። ኤም 3 በአሉሚኒየም ገላ ላይ ሲታሰር 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይፈልጋል። ቀዳዳው ወዲያኛው ጎን የማይበሳ ከሆነ የማስኪዮው ሾጣጣ ጫፍ ሦስት አራት ጥርስ ስለሚያባክን፣ ለኤም 2 ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ጥልቀት ይተዉለት። የቀዳዳውን አፍ በትንሹ መሞረድም አይርሱ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጥርስ ወደ ላይ ይነሳና ክዳኑ ገጥሞ አይቀመጥም።

ሲሊንደሩ ካስት አይረን፣ ናስ ወይም አሉሚኒየም ከሆነና ክዳኑ ደጋግሞ የሚፈታ ከሆነ ባለ ራስ ብሎን ትቶ ስቱድ፣ ማለትም በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ራስ አልባ ዘንግ፣ መትከል የተሻለ ነው። ስቱዱ አንዴ ይገባና በቦታው ይቀራል፤ መልበስና መፈታት የሚያደክመው ውጭ ያለውን ዳዶ ብቻ ይሆናል። የእንፋሎት ሞተሮች ትልልቆቹም የሲሊንደር ክዳናቸው አብዛኛውን ጊዜ በስቱድ የሚታሰር ስለሆነ መልኩም ይሰምራል።

ብሎኑ ሳይጠብቅ የሚያልፍበት የክዳኑ ቀዳዳ በመደበኛው ልክ ለኤም 2 ከ2.2 እስከ 2.4፣ ለኤም 3 ከ3.2 እስከ 3.4 ሚሊ ሜትር ነው። ራሱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠባብ ዳዶ ከመረጡ ግን 2.4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በየጎኑ 0.3 ሚሊ ሜትር መቀመጫ ብቻ ይተውለታል፤ ዳዶው ወደ ቀዳዳው መስጠም ይጀምራል። በዚህ ጊዜ በ2.1 ሚሊ ሜትር መሰርሰርና የቀዳዳዎቹን ቦታ በጥንቃቄ ማስመር ይገባል። መደበኛው የኤም 2 ሮንደላ፣ ማለትም ከዳዶ ሥር የሚገባው ስስ ቀለበት፣ የውጭ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከጠባቡ ዳዶ ሥር እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይታያል፤ ወይ በቶርኖ አጥብቡት፣ ወይ ጭራሽ ተዉት።

ብሎኑ ከምን ይሠራ?

ለመልክም ለሥራም ቢሆን ያልተቀባ ለስላሳ ብረት ለአብዛኛው የሞተር ክፍል ተስማሚ ነው፤ ዘይት እስካልተለየው ድረስ አይዝግም። በዚንክ የተለበጠው ነጭ ወይም ቢጫ ብሎን ግን ሞዴሉን የቤት ዕቃ ያስመስለዋል። ልባጩን በእሳት ለማንሣት አይሞክሩ፤ የዚንክ ጢስ ያሳምማል። ያልተለበጠ ለስላሳ ብረት ብሎን አሙቆ ዘይት ውስጥ መንከር ጥሩ ጥቁር ቀለም ይሰጠዋል፤ 8.8ና ከዚያ በላይ የሆነውን ግን በዚህ መንገድ አያጥቁሩት፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ይወስድበታል። አሲድም ለእነዚህ ጠንካራ ብሎኖች አይሆንም፤ ብረቱን ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል።

የማይዝግ ብረት እርጥበት ላለበት የእንፋሎት ሞተር ፈተና የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም የማይዝግ ዳዶ በማይዝግ ብሎን ላይ ደርቆ ሲታሰር ጥርሶቹ እርስ በርስ ተነካክሰው ይጣበቃሉ፤ ያን ጊዜ ዳዶው ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይሄድም። ጥቂት ግራፋይት ያለው ቅባት ይህን ያስቀራል። ዳዶውን ከናስ ማድረግም ሌላው መፍትሔ ነው። የናስ ብሎን ለማየት የሚያምር፣ በቶርኖም ለመሥራት የሚቀልል ቢሆንም ጭነት ባለበት ቦታ አይመከርም። በተለይ በእንፋሎት ቦይለር ውስጥ ናስን ማስወገድ ይገባል፤ ሙቅ ውሃ ከናሱ ውስጥ ዚንኩን እየመጠጠ የቀረውን እንደ ስፖንጅ ያደርገዋል። ለመዳብ ቦይለር የሚሆነው ዚንክ የሌለበት ነሐስ ነው። ቦይለር ላይ በሥዕሉ የተጻፈውን ማሠሪያ በሌላ ለመተካት አይፈተኑ፤ እዚያ ላይ የመልክ ጉዳይ ሁለተኛ ነው።

ዘመኑን መምሰል

የብሎን ራስ የሞተሩን ዕድሜ ይናገራል። ባለ ብሩጎላ ራስ፣ ማለትም በራሱ ላይ ባለ ስድስት ጎን የቁልፍ ጉድጓድ ያለው፣ ብሎን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1910 ወዲህ ነው፤ ባለ መስቀል ስንጥቅ ራስ ደግሞ በ1930ዎቹ የመጣ ነው። ስለዚህ የ1880ዎቹ የእንፋሎት ሞተር ሞዴል ላይ ሁለቱም እንግዳ ናቸው። ለዚያ ዘመን ባለ ስድስት ጎን ዳዶ፣ ባለ አራት ጎን ራስና አንድ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ያለው ብሎን ይስማማል። ከዚያም ወደ ኋላ ከሄድን እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 አንድ ወጥ የጥርስ መለኪያ እስኪያቀርብ ድረስ እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ጥርስ ያወጣ ነበር፤ ስለዚህ በጣም አሮጌ ሞተር ሞዴል ላይ የዳዶዎቹ መጠን ትንሽ ቢለያይ ማንም አይከስስዎትም።

የብሩጎላ ብሎን ጥንካሬ አስፈልጎ መልኩ የሚያስቸግር ከሆነ ከማይታይ ወገን ማስገባትና ፊት ለፊት የሐሰት ዳዶ መለጠፍ ይቻላል። ይህ ማጭበርበር የሚመስለው ሰው አለ፤ እኔ ግን ሞተሩ እስከሠራና ዓይን እስካልተቀየመ ድረስ ነውር አላይበትም።

ራስዎ ዳዶ ሲሠሩ ሁለት ነገሮችን ይጠብቁ። የዳዶ ቁመት ከብሎኑ ውፍረት 0.8 ያህሉ፣ የብሎን ራስ ቁመት ደግሞ ወደ 0.7 የሚጠጋ ነው፤ ለኤም 2 ይህ 1.6ና 1.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ማዕዘኖቹ በላይ በኩል በ30 ዲግሪ ገደማ መላጥ አለባቸው፤ ያልተላጠ ዳዶ ከዘንግ የተቆረጠ ቁራጭ መሆኑ ያስታውቃል። ስቱዱ ከዳዶው በላይ ከአንድ እስከ ሁለት ጥርስ ብቻ ብቅ ይበል፤ ጫፉም በሞረድ ይዙር። ከሁሉም በላይ ሞዴልን የሚያስቀይመው ከዳዶው በላይ ተርፎ የቆመ ረጅም ጥርስ ነው፤ ለማስተካከልም ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

እንዳይፈታ ማድረግ

የስድስት ባር እንፋሎት ሙቀቱ 165 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው የማይፈታ ዳዶ እስከ 120 ዲግሪ፣ የተለመደው የጥርስ ማጣበቂያ ፈሳሽ ደግሞ እስከ 150 ዲግሪ ያህል የሚሠሩ በመሆናቸው ሁለቱም ለሲሊንደር ክዳን አይሆኑም። እዚያ ላይ በቂ ውጥረት ያለው ረጅም ስቱድ ራሱ አይፈታም፤ ለቢየላና ለመሳሰሉት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በላዩ ሁለተኛ ስስ ዳዶ መደረብ ወይም ቀጭን ሽቦ በቀዳዳ ማሳለፍ የቆየ ነገር ግን የማያሳፍር ዘዴ ነው። ሙቀት በማይደርስበት መሠረት ላይ አነስተኛ ኃይል ያለው ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ይበቃል። ኃይለኛውን ለኤም 3ና ከዚያ በታች አይጠቀሙ፤ በሚፈታበት ቀን ብሎኑ ከማጣበቂያው ቀድሞ ይበጠሳል።

ሲገዙ ከሚያስፈልገው ቁጥር ላይ ቢያንስ ሩቡን ይጨምሩ። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ከጠረጴዛ ላይ ይወድቃሉ፣ ወለል ላይ ይጠፋሉ፣ ደግሞም ያው ዓይነት ድጋሚ ላይገኝ ይችላል። ሁሉንም ከማሰርዎ በፊት ከእያንዳንዱ መጠን አንዱን ብቻ በቦታው አግብተው ርዝመቱን፣ የሶኬቱን ቦታና መልኩን በአንድ ሜትር ርቀት ቆመው ይመልከቱ።

ክዳኑን ሲያስሩ በመጀመሪያ ሁሉንም ዳዶዎች በጣት ብቻ ያስጠጉ፤ ቀጥሎ አንዱን ካጠበቁ በኋላ ወደ ጎረቤቱ ሳይሆን ትይዩው ወዳለው ይሻገሩ፤ በሦስት ዙር ቀስ በቀስ ያጥብቁ። ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቆ ከሠራ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና በዚያው ቅደም ተከተል በሁለት ጣት ይፈትሿቸው። ጋስኬቱ ስለሚተኛ ጥቂቶቹ ትንሽ ይዞራሉ፤ የማይዞረውን አይግፉት።